ጣና፣ ጢስ ዓባይ፣ ጎንደርና ሰሜን ተራሮች፦ ልጆችን ይዞ ለመጓዝ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ስለ ሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የሚጻፉ የጉዞ ጽሑፎች አብዛኞቹ በአዋቂ ዓይን የተጻፉ ናቸው። ይህ ገዳም በየትኛው ንጉሥ ዘመን ተመሠረተ፣ ያኛው ግንብ ስንት ፎቅ አለው፣ ሥዕሉ የስንተኛው መቶ ዘመን ነው? የስድስት ዓመት ልጅ ከዚህ ምን ያገኛል? እሱ የሚፈልገው ውሃ፣ እንስሳ፣ የሚወጣው ደረጃና የሚደበቅበት ጥግ ነው። ደግነቱ ከባሕር ዳር እስከ ሰሜን ተራሮች ባለው መስመር ይህ ሁሉ ሞልቶ ተርፏል። ችግሩ ያለው ከእኛ ከወላጆች ዘንድ ነው፤ እግረ መንገዳችንን ይችንም ያችንም እንይ ስንል ልጆቹን አድክመን፣ እኛም ተነጫንጨን እንመለሳለን።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ሕግ አንድ ነው፦ በቀን አንድ ዋና ነገር፣ እሱም በማለዳ። ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር መቀመጥ፣ መጫወትና መተኛት። በዚህ ስሌት ባሕር ዳርና ጢስ ዓባይ ሦስት ቀን፣ ጎንደር ሁለት ቀን፣ ሰሜን ተራሮች ሁለት ቀን ይወስዳሉ። ጊዜው ካልበቃችሁ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት አትሸርፉ፤ አንዱን ቦታ ከነጭራሹ ተዉት።

1. ከሁሉ በፊት መንገዱን ጠይቁ

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት ምክንያት የመኪና መንገዶች አንድ ሰሞን ይከፈታሉ፣ አንድ ሰሞን ይዘጋሉ። ብቻውን የሚጓዝ ሰው መንገድ ተዘግቶበት አንድ ሌሊት ቢያድር ይችለዋል፤ ሕፃን የያዘ ግን አይችለውም። ባሕር ዳርም ጎንደርም አውሮፕላን ማረፊያ ስላላቸውና ከአዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ልጆች ካሉ በአየር መሄድን እመርጣለሁ። ወጪው ይከብዳል፤ ግን በመኪና አንድ ሙሉ ቀን ሲንገላታ የዋለ ልጅ በማግሥቱ ምንም ነገር አያምረውም።

የምታድሩበትን ሆቴል ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት፣ ደግሞም በዋዜማው ደውላችሁ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ «ሰላም ነው ወይ?» ከሆነ መልሱ «ሰላም ነው» ከመሆን አያልፍም። «ዛሬ ጠዋት ወደ ጢስ ዓባይ የሄደ መኪና አለ? የሰዓት እላፊ አለ? ከስንት ሰዓት ጀምሮ?» ብላችሁ ነጥብ በነጥብ ጠይቁ። ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ከሆቴሉ ይልቅ እሱን እመኑ። ከከተማ ውጭ በምሽት መጓዝ ፈጽሞ አይታሰብም። ከዚህ በታች ያለውን በየቦታው ከፋፍዬ ያቀረብኩትም ለዚሁ ነው፤ ከባሕር ዳር መውጣት የማይቻልበት ሰሞን ከሆነ፣ ከተማዋና ሐይቋ ብቻቸውን ለልጅ ይበቃሉ።

2. ወራቱን ምረጡ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ በመስከረም አደይ አበባ ተራራውን ያለብሰዋል፣ ጢስ ዓባይም ውሃ አለው። የዚህ ወቅት ክፉ ጎኑ ወባ ነው። ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ያለው ሜዳ ወባማ ነው፤ የሚብሰውም ልክ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ዳር ከፍ ያለች በመሆኗ ስጋቱ ያንሳል፤ ደባርቅና ሰሜን ተራሮች ላይ ደግሞ የሚያስፈራው ትንኝ ሳይሆን ብርድ ነው።

ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ የጠራ፣ ቀኑ ሞቃታማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ጥምቀትን በጎንደር ማየት የብዙ ሰው ምኞት ነው፤ ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ግን አልመክርም። ሕዝቡ እጅግ ብዙ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. በፋሲል መዋኛ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ማለፉም የሚረሳ አይደለም። ከሄዳችሁም በዋዜማው ከተራ ዕለት ታቦታቱ ሲወርዱ ከመንገድ ዳር፣ ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ እዩ። ልጅ ዝማሬውንና የጃንጥላውን ቀለም ከዚያም ሆኖ ይጠግበዋል።

መጋቢትና ሚያዝያ ይሞቃል፣ ፏፏቴው ይሳሳል፣ ዐቢይ ጾምም ስለሚሆን በብዙ ምግብ ቤቶች የፍስክ ምግብ አይገኝም። ክረምቱን ተዉት።

3. ሻንጣው

ስለ ልብስ ብዙ አልልም፤ ለባሕር ዳር ስስ፣ ለደባርቅ ደግሞ ወፍራም ሹራብ፣ ኮፍያና ጓንት። የሚረሱት ነገሮች ግን እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ አጎበር፦ ሆቴሉ አለኝ ቢልም የልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሆቴሉ ቀዳዳ ላይኖረው ይችላል፣ ሊኖረውም ይችላል። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ወፍራም ካልሲ፦ ገዳማቱ ውስጥ ጫማ ይወልቃል፣ ምንጣፉ ደግሞ ቁንጫ አያጣውም። ሦስተኛ፣ በውሃ የሚሟሟ የተቅማጥ ማከሚያ ዱቄት፣ ማለትም ኦ አር ኤስ፦ ከተማ ውስጥ በየፋርማሲው አለ፤ ሌሊት ሲያስፈልግ ግን ሻንጣ ውስጥ መኖሩ ይሻላል። አራተኛ፣ ፉጨት፦ በየልጁ አንገት ላይ ይንጠልጠል። ደስ ይላቸዋል፤ ሲጠፉም ይጠቅማል። ለእናንተ ጆሮ ግን አዝናለሁ።

ምግብን በተመለከተ፣ ረቡዕና ዓርብ ብዙው ቤት በየዓይነቱ ነው፤ ልጆቹ ሽሮና ምስር የሚበሉ ከሆነ ጭንቅ የለም። ካልሆነ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሙዝና ቆሎ በቦርሳ ይኑር። ቆሎው ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ፤ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ይችላል።

4. የመጀመሪያው ቀን፦ ሐይቁ ዳር ብቻ

ባሕር ዳር የደረሳችሁ ቀን ምንም «ቦታ» አትጎብኙ። ከሆቴል ወጥታችሁ ወደ ሐይቁ ሂዱ። ከተማዋ ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶቿ የታወቀች ናት፣ ሜዳማ በመሆኗም ለልጅ እግር ትመቻለች። በባጃጅ መሄድ ራሱ ለአዲስ አበባ ልጅ ጨዋታ ነው፤ ለውጭ ሀገሩ ልጅማ አይጠየቅ።

ዓሣ አጥማጆች ዓሣቸውን ወደሚያራግፉበት ዳርቻ በማለዳ ብትደርሱ የዕለቱን ትልቅ ትርኢት በነፃ ታያላችሁ። ሰዎቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን እየገፈፉ ሆድ ዕቃውን ይጥላሉ፤ ፔሊካኖች አጠገባቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ነጭ ናቸው፣ ከሦስት ዓመት ልጅ ቁመት ብዙም አያንሱም፤ ከመንቆራቸው ሥር የተንጠለጠለው ቢጫ ከረጢት ዓሣ ሲገባበት ወደ ታች ይለጠጣል። ፔሊካኑ አንገቱን ሽቅብ ቀና ያደርጋል፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ዓሣ ይንፈራገጣል፣ ቅርጹ በቆዳው በኩል ይታያል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ውጥ። ልጆች ይህን «ድገመው» እያሉ ሲያዩ መዋል ይችላሉ። አባ ኮዳ የሚባለው ራሰ በራ ትልቅ ወፍም ከዳር ቆሞ የተረፈውን ይጠብቃል፤ እሱን ግን ብዙ ልጆች ይፈሩታል፣ አይፈረድባቸውም። እንዳይጠጉ ብቻ ያዟቸው፤ መንቆሩ ዋዛ አይደለም።

በዚያው ዳርቻ የደንገል ታንኳ ታያላችሁ። ደንገሉ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ ይሠራል፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ሲያበቃ ወደ ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። አንድ አጥማጅ ፈቃደኛ ከሆነ ልጆቹ ነዶውን በእጃቸው ዳስሰው፣ አንዷን ደንገል ሰብረው ውስጧ እንደ ስፖንጅ መሆኑን ይዩ። ታንኳ ላይ ግን አታሳፍሯቸው፤ ለአንድ ሰው ከነጭነቱ የተሠራ ነው፣ ለመገልበጥም ቅርብ ነው።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ጣና ውስጥ ልጆች እንዲዋኙ፣ እንዲንቦጫረቁ ወይም እግራቸውን እንዲነክሩ አትፍቀዱ። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል በውሃ ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በጤነኛ ቆዳ በኩል ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም፣ ረጅም ጊዜም አይፈልግም። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ አይታችሁ አትዘናጉ፤ በዚህ በሽታ ብዙ የሚጠቁት እነሱው ናቸው። መዋኘት ካማራቸው መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ፈልጉ፤ ይህን ገና ክፍል ስትይዙ አስቡበት፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሙቀት የሚያሳልፍላችሁ እሱ ነው።

ለምሳ ዓሣ ኮተሌት እዘዙ። ሙሉ የተጠበሰው ለዓይን ያምራል፤ እሾሁን ለሦስት ልጅ መልቀም ግን የእናንተን ምሳ ያቀዘቅዛል። ምሽት ላይ፣ ሰዓቱ የሚፈቅድ ከሆነ፣ በ2016 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሂዱ። 380 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለው፤ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞውን ሲጀምር ከላይ ሆናችሁ ታያላችሁ። ለትልልቆቹ ልጆች «ይህ ውሃ ካርቱም ደርሶ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያም ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል» ብትሏቸው ቅጠል እየጣሉ መሸኘት ይጀምራሉ።

5. ጀልባውና ዘጌ

ሁለተኛው ቀን የጀልባ ነው። በጣና ላይ ጠዋት ውሃው ረጋ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባውን ያንገጫግጫል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ተመለሱ።

ስትዋዋሉ ዋጋው ለጀልባው እንጂ ለሰው እንዳይሆን፣ የመቆያ ጊዜውም አብሮ እንዲታሰብ አድርጉ። ከመሳፈራችሁ በፊት በልጆች ልክ የተሠራ የሕይወት አድን ጃኬት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የአዋቂ ጃኬት ለሕፃን አይሆንም፤ ውሃ ላይ ከአንገቱ ያመልጣል። «ችግር የለም፣ አያስፈልግም» የሚል ባለጀልባ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ጀልባ ሞልቷል።

ከደሴቶቹ ሁሉ ለቤተሰብ የምመርጠው ዘጌን ነው፤ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ የብስ ነው። አንዳንዶቹ ገዳማት፣ ለምሳሌ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ሴት አያስገቡም፤ ሴት ልጅና እናት ጀልባ ላይ ቀርተው አባትና ወንድም ሲገቡ የሚፈጠረውን ኩርፊያ ማንም አይፈልገውም። የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉንም ያስተናግዳል።

ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው አቀበት የሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ በልጅ እግር እጥፍ አድርጉት። መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል፤ ጦጣም አይጠፋም። እግረ መንገድ የሚሸጡ ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች አሉ፤ ከመሄድ ሳይሆን ከመመለስ ጋር ግዟቸው፣ አለዚያ ተሸካሚዎቹ እናንተ ናችሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። እዚህ ላይ አስጎብኚው ስለ ዘመንና ስለ አሣሣል ይጀምር ይሆናል፤ በትሕትና አስቁማችሁ የበላዔ ሰብን ሥዕል አሳዩን በሉት። ሰው በላው ሰው፣ የተጠማው ለምጻምና ጥርኝ ውሃ፣ ከዚያ ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍ። ታሪኩን እያነበነቡ ሳይሆን ሥዕሉን ተከትላችሁ፣ ልጁን «ቀጥሎ ምን ሆነ?» እያላችሁ ተርኩት። ሥዕሎቹ ፊደል ላልቆጠረ ሕዝብ የተሣሉ ናቸውና ልጆች ከእኛ ይልቅ ቶሎ ያነቧቸዋል። የሚፈራ ትንሽ ልጅ ካለ ግን ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ ፈልጉለት፤ የማይወደው የለም። ሥዕሎቹ ያረጁ ናቸውና እጅ አይነካቸውም፣ የካሜራ ብልጭታም አይፈቀድም።

በጣና ገዳማት የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል ታገኛላችሁ። በድንጋይ ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል። መምታት የሚቻለው በአባቶች ፈቃድ ብቻ ነው፤ በአክብሮት «አባ፣ ልጁ ቢሰማው?» ብትሉ እሳቸው ራሳቸው አንድ ጊዜ መትተው ማሰማታቸው አይቀርም። ከዚያ በኋላ ልጁ ስለ ገዳሙ የሚያወራው ይህን ነው።

በመመለሻው ባለጀልባው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል ካደረሳችሁ ጉማሬ ልታዩ ትችላላችሁ። የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው፤ ልጆቹን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣልና «ትንሽ እንጠጋ» ብላችሁ ባለጀልባውን አትገፋፉት።

6. ጢስ ዓባይ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ሂዱ፤ ፀሐዩ ሳይከር ወደ ፏፏቴው መድረስና መመለስ ይቻላል። ቤት ውስጥ የድሮ የአንድ ብር ኖት ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጀርባው ላይ ያለው ፏፏቴ ይኸው ነው፣ ልጆቹ ከእውነተኛው ጋር እያስተያዩ ይመረምሩታል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በ17ኛው መቶ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ወርዶ፣ አቀበት ወጥቶ፣ የፏፏቴውን ፊት ለፊት አይቶ፣ በተንጠልጣዩ ድልድይ የሚሻገር ነው። ከስምንት ዓመት በላይ ለሆኑት ይህን ምረጡ፤ የሚወዛወዘው ድልድይ ብቻውን ጉዞውን ይክሳል። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ በኩል ዓባይን በሞተር ጀልባ ተሻግሮ፣ በእርሻ መሀል በሜዳ የሚሄድ ነው፤ ትንንሾችን ለያዘ የሚሻለው እሱ ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ ድንጋዩ ሳሙና ነውና ሸበጥ አይሆንም፤ የታሰረ ጫማ ይደረግ። ፏፏቴው አፋፍ ላይ የእያንዳንዱ ልጅ እጅ በአዋቂ እጅ ውስጥ ይሁን።

ፏፏቴው 40 ሜትር የሚያልፍ ከፍታ አለው፤ ስፋቱ ግን እንደ ወቅቱ ነው። ከጣና የሚወጣው ውሃ ትልቁ ክፍል ኃይል ለማመንጨት ስለሚውል፣ በተለይም በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በበጋ የሚቀረው ቀጭን ጅረት ነው። ፎቶግራፉን አይተው የመጡ ልጆች «ይኼ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ከመሄዳችሁ በፊት ሆቴሉን «ውሃው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የለም ከተባለ ቀኑን ለቤዛዊት ኮረብታ አውሉት። ከዚያ ላይ ሆኖ ዓባይ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ማየት ይቻላል፣ ለእግርም ቅርብ ነው።

7. ጎንደር

ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። በፎገራ ሜዳ ስታልፉ ከኅዳር እስከ የካቲት ከሆነ በመስኮት ተመልከቱ፤ ከአውሮፓ ክረምት ሸሽተው የመጡ ረጅም አንገት ያላቸው ግራጫ ወፎች በመንጋ ማሳ ውስጥ ሲለቅሙ ይታያሉ።

የፋሲል ግቢን ሁለት ጊዜ መግባት የሚያስፈልገው የለም፤ አንድ ጠዋት ይበቃል። 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥር የተከበበ ሰፊ ሣር ያለው ግቢ ስለሆነ ልጅ ይሮጥበታል፤ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ (እ.ኤ.አ. በ1979) እንደዚህ ያለ የድብብቆሽ ሜዳ ሌላ ቦታ አላውቅም። ለአስጎብኚው በመጀመሪያ «ልጆች ናቸው፣ አንድ ሰዓት ነው ያለን» በሉት። መታየት ያለባቸው ሦስት ናቸው፦ በቅርብ ዓመታት የታደሰው የዐፄ ፋሲል ግንብ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ተደብድቦ ጣሪያውን ያጣው የዐፄ ኢያሱ ግንብ፣ እና የአንበሶቹ ቤት። የመጨረሻው ባዶ ቢሆንም ነገሥታቱ አንበሳ ያረቡበት እንደነበር ሲነገራቸው ልጆቹ ከበሩ አይለቁም። ደረጃዎቹ አንዳንድ ቦታ መደገፊያ የላቸውም፤ ሲወጡ አዋቂ ከኋላ፣ ሲወርዱ ከፊት።

ከሰዓት በኋላ ሲቀዘቅዝ ወደ ፋሲል መዋኛ። ከጥምቀት ውጭ ገንዳው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፣ ቦታውም ጸጥተኛ ነው። እዚህ የሚያስደንቀው ዛፉ ነው፦ የሾላ ሥሮች ቅጥሩን እንደ ጣት ጨምድደው ይዘዋል፤ ማን ማንን እንደያዘው አይለይም። ከወደ ውጭ በኩል ዞብል የተባለ የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው የሚባል ትንሽ ሕንፃም አለ፤ ለፈረስ መቃብር መሠራቱ ልጆችን ብዙ ያስጠይቃቸዋል።

በማግሥቱ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ጣሪያው ክንፍ ባላቸው የመላእክት ፊቶች የተሞላ ነው። ልጆቹን አንገታቸው እስኪደክም ሽቅብ አታስመልክቱ፤ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው «የእኔ» የሚሉትን አንድ ፊት ይምረጡ፣ ከዚያ ወንድም ወይም እኅት የትኛው እንደሆነ ይገምት። ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ አዳነው የሚለውን የአካባቢውን ትውፊት ካህናቱ ይነግሯችኋል። ግድግዳው ላይ የሲኦል ሥዕልም አለና የሚፈራ ልጅ ካለ በዚያ በኩል ጀርባ እንዲሰጥ አድርጉ።

8. ሰሜን ተራሮች፦ ለማን ነው?

ይህ ለሁሉም አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካላችሁ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከተማዋ ራሷ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፣ ፓርኩ ውስጥ ያለው የሳንቃበር ካምፕ ደግሞ ከ3,200 ሜትር ያልፋል። ትንሽ ልጅ ከፍታው ሲያመው «ራሴን አመመኝ» ብሎ አይናገርም፤ ይነጫነጫል፣ ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ያበዛል። እነዚህን ስታዩ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ መውረድ፤ እስኪሻለው መጠበቅ አይደለም።

ስለዚህ ከባሕር ዳር በቀጥታ አትሂዱ። ጎንደር ሁለት ሌሊት ካደራችሁ በኋላ ደባርቅ አንድ ሌሊት እደሩ፣ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ፓርኩ ግቡ፣ ከሰዓት በኋላ ውረዱ። ፓርኩ ውስጥ ከልጅ ጋር በድንኳን ማደር ጀብዱ ይመስላል፤ በታኅሣሥና በጥር ግን ሌሊቱ ውሃ ያረጋል። የመግቢያ ክፍያው የሚከፈለው፣ አስጎብኚና የታጠቀ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) የሚመደበውም ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ይህንን በዋዜማው ጨርሱት።

የመጣችሁት ለጭላዳ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ በዱር የትም አይገኝም፤ ሌሊቱን በገደሉ ስንጥቅ ውስጥ ያድርና ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ገና ፓርኩ መግቢያ አካባቢ፣ ቡይት ራስ በሚባለው ቦታ፣ መንጋውን ማግኘት የተለመደ ነው። ስትደርሱ መሬት ላይ ተቀመጡና ጸጥ በሉ፤ ይህ ለልጆቹ በመኪና ውስጥ አስቀድሞ ይነገር። ጥቂት ቆይቶ መንጋው ራሱ እየቀረበ ይመጣል፦ ቁጭ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ሣሩን በፍጥነት እየነጩ፣ እፍኛቸው ሲሞላ ወደ አፋቸው። ከነተቀመጡበት ይንፏቀቃሉ እንጂ አይነሡም። የሣሩ መነጨት ድምፅ ይሰማል። ግልገሎቹ በእናታቸው ጀርባ ላይ ናቸው፤ ትላልቆቹ ወንዶች ጎፈር አላቸው፣ ደረታቸው ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ይታያል። አንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ ሰላምታ አይደለም፣ ቁጣ ነው፤ ዓይን አታፍጡ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ። ምግብ አትስጡ፣ ብስኩትም ከቦርሳ አታውጡ። ሰው የለመደ ጭላዳ ውሎ አድሮ ገበሬውንም ተጓዡንም ያስቸግራል።

ዋልያን ካያችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ለልጅ ግን ቃል አትግቡ፣ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ራቅ ካለው ከጨነቅ በኩል ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ ቆይቶ የተፋቀ ስለሆነ፣ ትልልቆቹ ልጆች ለምን ከመንገድ መውጣት እንደተከለከለ ቢጠይቁ ከስካውቱ ጋር አነጋግሯቸው፤ ከእኛ የተሻለ ይመልስላቸዋል። ገደሉ አጥር የለውም። አፋፍ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት ለልጅ አይፈቀድ፤ ለአባትም ቢሆን።

9. ከተመለሳችሁ በኋላ

ለወር ያህል፣ ከዚያም በላይ ቢሆን፣ ልጁ ትኩሳት ከያዘው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትለፉት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ የወባ የደም ምርመራ አስደርጉ፤ ባሕር ዳር እንደነበረ ለሐኪሙ ንገሩ፣ በተለይ ውጭ ሀገር ከተመለሳችሁ፣ እዚያ ያለው ሐኪም ወባ መጀመሪያ ላይታሰበው ይችላል። ተጠንቅቃችሁም አምልጧችሁ ሐይቅ ውስጥ ከገባ ሳምንታት ቆይቶ የሽንትና የሰገራ ምርመራ እንዲደረግለት ጠይቁ። የቢልሃርዝያ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል የሚባል ነው፤ መጠኑ በልጁ ክብደት ስለሚወሰን ከሐኪም እንጂ ከጎረቤት አይቀበሉትም።